የአሥራ አምስት ደቂቃ ቢራ

ደብረ ማርቆስ ከተማ ዳር ባለ አንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ከወንበሬ ሆኜ የኳስ ሜዳው በርና ከበሩ ማዶ ያለው የአሰገደች ቤት ይታዩኛል። ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ አሰገደች ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ስትወጣ ስትገባ ትውላለች። ሳጥን ታወርዳለች፣ መልሳ ታነሣለች፣ አግዳሚ ወንበሩን ወደ ግድግዳው ታስጠጋና ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመልሳ ታርቀዋለች። በየመሀሉ ቀና ብላ ወደ ጮቄ ተራራ በኩል ሰማዩን ታያለች። ዝናብ ከመጣ ተመልካች የለም፤ ተመልካች ከሌለ ደግሞ ያ ሁሉ ሳጥን እንደተደረደረ ያድራል።

ከማርቆስ ብዙ ሳትርቅ ያለችው የአምበር ከተማ ልጅ ናት። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ዳሯት፤ ዓመት ሳይሞላ ባሏን ትታ፣ ጤፍ በጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፍራ ማርቆስ ገባች። አንድ ቀን ለምን እንደተወችው ጠየቅኋት። «ክፉ ሰው አልነበረም» አለችኝ። «እኔ ነኝ። ቀኑ አልመሽ ይለኝ ነበር። እህል ሲዘራ ቆሜ፣ ሲበቅል ቆሜ፣ ሲታጨድ ቆሜ... እንዴት ነው ሰው አንድ ነገር ዓመት ሙሉ የሚጠብቀው?» ሰባት ዓመት ሰው ቤት ጠላ ስትጠምቅ ኖራ፣ ከመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ላይ ያችን ከበሩ ፊት ለፊት ያለች ክፍል ተከራየች።

መጀመሪያ የምትሸጠው ጠላ ነበር። ጠላ ግን ለኳስ አይሆንም። ለመድረስ ቀናት ይፈልጋል፤ ጨዋታው ተሰርዟል ከተባለ ደግሞ ሰው ሳይመጣለት ይኮመጥጣል። ሁለት ጊዜ ጋን ሙሉ ጠላ ደፋች። ሦስተኛው ላይ ጌሾና ብቅሉን ለጎረቤት ሰጥታ ወደ ቢራ ዞረች። ቢራ ይጠብቃል። ማርቆስ ደግሞ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም፤ ሌሊቱን ከውጭ ያደረ ሳጥን ሲነኩት ጣት ያደነዝዛል።

ኮሌጁ ሜዳው ውስጥ መጠጥ አይፈቅድም ነበር። ሰው ሁሉ ይህ ደንብ አሰገደችን የሚጎዳ ይመስለው ነበር፤ እሷ ግን ከማንም በላይ የምትኖረው በእሱ ነው። ተመልካቹ ውስጥ ከገባ በኋላ እንደማያገኝ ስለሚያውቅ፣ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለችው አንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ሦስት ይጠጣና ይገባል። ለእረፍት ሲወጣ ያለው አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። በዚያች አሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ወንበር የሚፈልግ፣ መልስ የሚቆጥር፣ ዋጋ የሚከራከር የለም።

«ሆቴል ቁጭ ያለ ሰው በአንድ ጠርሙስ አንድ ሰዓት ይጫወትበታል» ትለኝ ነበር። «እኔ ቤት ግን አንገቱን ቀና አድርጎ አራግፎት ይሄዳል። እኔ የምሸጠው ጥድፊያ ነው።»

ይህን ስትል ትስቅ ነበር። ከግንቦት ሁለት ሺህ ሁለት በኋላ ግን እንዲህ ስትል ሰምቻት አላውቅም።

በዚያ ወር የኮሌጆች ውድድር የመጨረሻው ጨዋታ እኛ ሜዳ ላይ ሆነ። የደመወዝ ሳምንት ነበር፤ ሰማዩም ጠራ። አሰገደች በእረፍት ሰዓት ብቻ አራት ሳጥን ጨረሰች። ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ ባዶ ጠርሙሶቹን ወደየሳጥናቸው ስትመልስ አሥራ አንዱ የሉም። ጋቢ ሥር ተሸጉጠው ገብተዋል ማለት ነው። ይህ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ይጎድላል። አሥራ አንድ ግን ጎድሎ አያውቅም። ቆማ እያሰበች ሳለ ከሜዳው የሚመጣው ጩኸት ተለወጠ። የግብ ጩኸት አይደለም፣ የቁጭት ጩኸትም አይደለም። የያዘችውን ሳጥን መሬት ላይ ጥላ ሮጠች።

ዳኛው ለእንግዳው ቡድን ፍጹም ቅጣት ምት ሰጥቶ ኖሯል። ከላይኛው መቀመጫ ጠርሙስ ይወረወር ጀመር። አንዱ ጠርሙስ ሜዳው ሳይደርስ ከፊት ረድፍ ተቀምጣ በነበረች መምህርት ግንባር ላይ ተሰበረ። አሰገደች ስትደርስ መምህርቷ በሁለት እጇ ፊቷን ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ደሙ በጣቶቿ መሀል ይወርዳል። አሰገደች ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ ግንባሯ ላይ ጠመጠመችላትና ደግፋ ወደ ባጃጅ ስትወስዳት፣ እግሯ ሥር የተሰበረውን ጠርሙስ አየች። ከጎረቤቶቿ ሳጥን ጋር እንዳይቀላቀልባት የራሷን ጠርሙሶች አንገት ላይ በቀይ ቀለም ትቀባ ነበር። የተሰበረው አንገት ቀይ ነው።

መምህርቷ ወንጌላዊት ትባላለች፤ የደብረ ኤልያስ ልጅ ስትሆን ኢኮኖሚክስ ታስተምራለች። ቅንድቧ ላይ ሰባት ቦታ ተሰፋች፤ ዓይኗ ለጥቂት ተረፈ። አሰገደች በማግሥቱ ብርቱካን ይዛ ሐኪም ቤቱ በር ድረስ ሄደች፤ ሳትገባ ተመለሰች። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። ቤቷ ስትመለስ ሥራ አይያዝላትም፤ የጠራረገችውን ደግማ ትጠርጋለች፣ ያጠበችውን ብርጭቆ ደግማ ታጥባለች። ቢሮዬ ድረስ መጥታ «ማስተማር ጀመረች?» ብላ ጠይቃኝ፣ መልሱን ሳትሰማ የሄደችበት ቀን ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወንጌላዊት ራሷ ግንባሯ ላይ ፋሻ ለጥፋ፣ ደብተር ይዛ አሰገደች ቤት መጣች።

«ይግቡ፣ መምህርት» አለች አሰገደች፣ መቀመጫውን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች። «ሊከሱኝ ከሆነ እውነትዎን ነው። ጠርሙሱ የኔ ነው። አይቼዋለሁ።»

«ልከስዎት አልመጣሁም፣ እትዬ አሰገደች። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው። ያን ቀን ከጨዋታው በፊት ስንት ጠርሙስ ሸጡ?»

አሰገደች ፊቷ ተለወጠ። «ግብር ቢሮ ልኮዎት ነው?»

ወንጌላዊት ልትስቅ ስትል ስፌቱ አመማትና ግንባሯን ያዘች። «ማንም አልላከኝም። ተኝቼ ሳስበው የወረወረው ሰው ማን ይሆን ማለት ሰለቸኝ። አይገኝማ። ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ይህ ሰው ሆቴል ቢቀመጥ በአንድ ሰዓት ሦስት ጠርሙስ አይጠጣም። እዚህ ለምን ይጠጣል?»

«ውስጥ ስለማያገኝ ነዋ!» አለች አሰገደች ወዲያው። ይህን ሁልጊዜ ታውቀዋለች፤ በሌላ ሰው ፊት ስትናገረው ግን ጆሮዋ ላይ ሌላ ሆነባት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አልተለያዩም። ዓመቱ ከማለቁ በፊት በትምህርት ክፍሎች መካከል አራት ጨዋታ ቀርቶ ነበር። ወንጌላዊት በሩ አጠገብ ትቆማለች፤ አሰገደች አንድ ጠርሙስ በከፈተች ቁጥር ደብተሯ ላይ ሰዓቱን ትጽፋለች። በአራቱም ጨዋታ ነገሩ አንድ ዓይነት ሆነ። ከአሥር ጠርሙስ አራቱ ከጨዋታው በፊት፣ አምስቱ በእረፍት፣ አንዱ ብቻ ከጨዋታው በኋላ ነው የሚጠጣው። ሰው ሲሸነፍ አይጠጣም፤ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሲያሸንፍም መሀል ከተማ ወርዶ ነው የሚጠጣው።

«እንግዲያው ውስጥ ልሽጥ» አለች አሰገደች አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሳጥን ላይ አንድ እግሯን አድርጋ። «በጠርሙስ ሳይሆን በፕላስቲክ ኩባያ። ድራፍት። መቀመጫው ላይ ሆኖ ማግኘት እንደሚችል ካወቀ በር ላይ ምን ያጣድፈዋል?»

«ትርፍሽ ይቀንሳል እኮ» አለች ወንጌላዊት። በዚህ ጊዜ «እርስዎ» መባባሉ ቀርቶ ነበር። «ሦስት የሚጠጣው አንድ ተኩል ነው የሚጠጣልሽ።»

«እሱን እኔ አጣሁት ብለሽ ነው? ግን ነገሩ አላስቀመጠኝም። ሳጥን በከፈትኩ ቁጥር ግንባርሽ ነው የሚታየኝ።»

መስከረም ላይ ኮሌጁ ስብሰባ ጠራ። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ፍሥሐ ከሜዳው አምስት መቶ ሜትር ክልል ውስጥ ምንም መጠጥ እንዳይሸጥ የሚል ሐሳብ ይዘው መጡ። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ። አሰገደች እጇን አውጥታ «እኔ ውስጥ እንዲሸጥ ነው የምለምነው» ስትል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«እትዬ» አሉ አቶ ፍሥሐ፣ «ሰው በቢራ ተፈነከተ እያልን፣ ቢራውን ወደ ውስጥ እናስገባ ነው የሚሉን?»

«አሁንም እኮ ውስጥ ነው ያለው። በሆዳቸውና በጋቢያቸው ሥር ይዘውት ይገባሉ። እኔ የምለው እያየነው ይግባ ነው።» ስትናገር እግሯ አላረፈም። «አምስት መቶ ሜትር ስታርቁን አምስት መቶ አንደኛው ላይ አረቄ ቤት ይከፈታል። ያኔ ደግሞ ሦስት ቢራ የሚጠጣው ሦስት መለኪያ አረቄ ጠጥቶ ነው የሚገባላችሁ።»

ወንጌላዊት ተነሥታ ደብተሯን አነበበች። ፋሻው ተነሥቶ ጠባሳው ቀልቶ ይታይ ስለነበር ያቋረጣት ሰው አልነበረም። የሰፈሩ ሽማግሌ ሆነው የተጠሩት መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል በመጨረሻ ተናገሩ። ሁላችንም የሚቃወሙ መስሎን ነበር።

«በጥድፊያ ጠላ የጠጣ፣ ሰው ጠላ» አሉ መቋሚያቸውን እያዞሩ። ነገሩ የገባው ፈገግ አለ። «እኔ መጠጡን አልባርክም። ግን ይህቺ ልጅ ገበያዋን የሚያጎድል ነገር ለምና ስታቀርብ ሰምቼ የማላምናት ለምንድን ነው? ሦስት ጨዋታ ሞክሯት።»

ሦስት ጨዋታ ተፈቀደላት። ውሉ አጭር ነበር። በፕላስቲክ ኩባያ ብቻ፣ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ አንድ ኩባያ፣ ዋጋው ከከተማው ሳይበልጥ፣ ሁለተኛው አጋማሽ አሥራ አምስተኛ ደቂቃ ላይ ሲደርስ ቧንቧው ይዘጋል።

የመጀመሪያው ጨዋታ ቀን ነፋሱ ኩባያውን እየገለበጠ አስቸገራት። የበርሜሉ ጋዝ እምቢ አለና ግማሹ አረፋ ሆነ። አሰገደች ከቧንቧው ወደ መቀመጫው፣ ከመቀመጫው ወደ በሩ ስትሮጥ ዋለች፤ የምትፈራው ድምፅ ከየት በኩል እንደሚነሣ እያዳመጠች። የእኛ ቡድን ሁለት ለባዶ ተሸነፈ። ሰው አጉረመረመ፣ ዳኛውን ሰደበ፣ ባዶ ኩባያውን በእግሩ እየረገጠ ወጣ። በቃ። አንድ ወጣት ኩባያ ወርውሮ ነበር፤ ነፋሱ መልሶ የራሱ ትከሻ ላይ ጣለበትና ጓደኞቹ ሳቁበት።

ያልጠበቁት ነገር የሽያጩ ነው። እያንዳንዱ ሰው የጠጣው እንደተባለው ቀንሷል። ነገር ግን በር ላይ ተጋፍተው ጠጥተው የማያውቁ መምህራንና የቢሮ ሠራተኞች፣ እኔን ጨምሮ፣ ተቀምጠን አንዳንድ ኩባያ ያዝን። ሒሳቡ ሲደመር ከቀድሞው ብዙም አላነሰም። በሦስተኛው ጨዋታ አቶ ፍሥሐ ራሳቸው «መልካም ነው» ብለው ፈረሙ። ዓመቱ ያለ አንድ ፍንክት አለቀ።

መልካም መሆኑ ነው ቦታውን ያስወሰደባት። በሁለት ሺህ አራት ኮሌጁ ቦታው ገንዘብ እንደሚያመጣ ሲያይ ጨረታ አወጣ። ከተማው ውስጥ ሆቴል ያለው እንዳላማው የሚባል ሰው አሰገደች ልታስበው የማትችለውን ኪራይ ሰጥቶ አሸነፈ። ወንጌላዊት አቤቱታ ጽፋ አመጣችላት፤ አሰገደች አልፈረመችም። «ወረቀቱ ቢሮ ለቢሮ ሲዞር ቆሜ አልጠብቅም» አለችና ልብሷን በሻንጣ አድርጋ ደጀን ሄደች።

ደጀን መንገድ ዳር ካለ ምግብ ቤት መጠጡን በኃላፊነት ያዘች። ጭነት መኪናው፣ አውቶቡሱ፣ ወዲያ ወዲህ የሚለው ሰው ለእርሷ ጠባይ የተሠራ ይመስል ነበር። ሁለት ወር ቆየች። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ሹፌር ሁለት ቢራ ጠጥቶ ሦስተኛ አዘዘ።

«ወዴት ነህ?» አለችው።

«ወደ አዲስ አበባ። ዓባይን እወርዳለሁ።»

«እንግዲያው በቃህ። ውኃ ልስጥህ።»

ሹፌሩ ጮኸ፤ የቤቱ ባለቤት መጡና «ሹፌር አባርረሽ ለማን ልትሸጪ ነው?» አሏት። «ከዚህ ሲወጣ የት እንደሚደርስ አያለሁ እኮ» ብላ መለሰችላቸው። ሽርጧን ፈታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና በዚያው ቀን ማርቆስ ተመለሰች።

ማርቆስ የጠበቃት ነገር አላስደነቃትም። እንዳላማው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተጫረተበትን ኪራይ ማውጣት ነበረበት። ስምንት ብር የነበረውን ኩባያ አሥራ አራት አደረገው፤ ቧንቧውንም እስከ መጨረሻው ፊሽካ ከፍቶ ተወው። ሰው ዋጋው ሲወደድበት እንደገና በር ላይ ጠጥቶ መግባት ጀመረ፤ አሁን ግን አረቄ ነው። ሚያዝያ ላይ ሁለት የተማሪ ቡድን በመቀመጫው መሀል ተደባደበ፤ አንድ ልጅ ክንዱ ተሰበረ። ኮሌጁ የመጠጥ ሽያጩን ሁሉ አገደ።

አቶ ፍሥሐ አሰገደች ቤት የመጡት በሰኔ ዝናብ ነው። ጃንጥላቸውን በር ላይ አራግፈው፣ ቆመው ተናገሩ። «ተመለሽ። እንደ ድሮው።»

«እንደ ድሮው አይሆንም» አለች። «ዋጋውና የመዝጊያው ሰዓት በጨረታው ወረቀት ላይ ይጻፍ። ማንም ያሸንፍ፣ እኔ ባልሆንም፣ ከዚያ አይውጣ። ኪራዩም ለዚያ ዋጋ የሚበቃ ይሁን።»

«ትንሽ ኪራይ ለምን ትቀበላላችሁ ቢሉኝ ምን ልበል?»

«የተሰበረ ክንድና የመምህርቷን ግንባር ይደምሩበት በሏቸው።»

ክረምቱን ሙሉ ሲመላለሱ ከረሙ። አሰገደች አራት ሌሎች የበር ነጋዴ ሴቶችን አሰባስባ ማኅበር አቋቋመች፤ ቀበሌ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ጥቃቅንና አነስተኛ ቢሮ፣ ዛሬ ማኅተም የለም፣ ነገ ሰውየው መስክ ወጥቷል። ያቺ ቆሞ መጠበቅ የማትችል ሴት በየኮሪደሩ ተንጎራደደች እንጂ ወደ ቤቷ አልሄደችም። ጥቅምት ላይ ጨረታው በአዲሱ ሁኔታ ወጣ። እንዳላማው ወረቀቱን አንብቦ ትርፉ ስላልታየው አልገባም። ማኅበሩ አሸነፈ።

የሁለት ሺህ አምስት የመጀመሪያ ጨዋታ እኩል ለእኩል እየሄደ ሳለ የሁለተኛው አጋማሽ አሥራ አምስተኛ ደቂቃ ደረሰና አሰገደች ቧንቧውን ዘጋች። ከክቡር እንግዶች መቀመጫ አቶ ፍሥሐ ወረዱ።

«ከክልል የመጡ እንግዶች ናቸው። ሦስት ኩባያ ብቻ።»

«አቶ ፍሥሐ፣ እርስዎ የፈረሙበት ወረቀት ኮፒው ኪሴ ውስጥ ነው። ላውጣልዎት?»

ፊታቸው ቀላ፤ ከዚያ «ቆሎ አለሽ?» አሉ። ሦስት ጥቅል ቆሎ ይዘው ወጡ።

እኔ በዓመቱ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወርኩ። ወንጌላዊትም ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ገባች፤ የመመረቂያ ጽሑፏ በዚያ ደብተር ላይ የተመሠረተ እንደነበር ነግራኛለች። ማርቆስን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ጊዜ አሰገደች ከበሩ አጠገብ ቆማ ከአከፋፋዩ ሠራተኛ ጋር ስትከራከር አገኘኋት። አዲስ የመጣው ኩባያ በአፉ ሰፊ፣ በታቹ ጠባብ ነው፤ ሙሉ ይመስላል እንጂ ከድሮው ያነሰ ይይዛል ትላለች። ሰላም ልላት ስጠጋ አንዱን ኩባያ እጄ ላይ አስቀመጠችና «ያዝልኝማ፣ አንተ የቢሮ ሰው ነህ፤ ውኃ ሞልተን በድሮው እንለካው» ብላኝ ጆግ ልታመጣ ወደ ውስጥ ሮጠች።